አቼቶ የሚሸተው የአባትዎ ፊልም

ጥያቄው የመጣው ከደሴ ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

“አባቴ ባለፈው ዓመት አረፉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በደሴ መምህር ነበሩ። አብሯቸው ያስተምር የነበረ አሜሪካዊ የሰላም ጓድ ጓደኛቸው ወደ አገሩ ሲመለስ ትንሽ የፊልም ካሜራ ትቶላቸው ነበር። ቤቱን ስናጸዳ ኮርኒስ ላይ በቆርቆሮ ጣሳ ያለ ስድስት ጥቅል ፊልም አገኘን። ሦስቱ ትልልቅ፣ ሦስቱ ትንንሽ ናቸው። አንዱ ክዳን ላይ በአባቴ እጅ ‘ባቲ ሰኞ 64’ ተጽፏል። ሁለቱ ሲከፈቱ አቼቶ አቼቶ ይሸታሉ። እናቴ ፀሐይ ይንካቸው ትላለች። ጎረቤታችን እሳት ያስነሳል፣ ከቤት አውጡት ይላል። ኮምቦልቻ ያለው ወንድሜ አሮጌ ፕሮጀክተር አግኝቷል፤ ግድግዳ ላይ አሳይተን በስልክ እንቅረጸውና ጣሳውን እንጣለው ይላል። ስምንት የቪዲዮ ካሴትም አለ፤ እነሱ አዲስ ስለሆኑ ቆይ ይደርሳሉ ብለን ትተናቸዋል። እናቴ 78 ዓመቷ ነው፣ ማየት ትፈልጋለች። ምን እናድርግ? ደግሞስ ለቤተሰብ ፊልም ይሄ ሁሉ ድካም ያስፈልጋል?”

መጀመሪያ ለወንድምዎ ይደውሉ። ፕሮጀክተሩን ለባለቤቱ ይመልስ።

ፕሮጀክተር ፊልሙን በቀስታ የሚያንሸራትት ይመስላል። አይደለም። ትንሽ የብረት ጥፍር በፊልሙ ጎን ባለው ቀዳዳ ትገባለች፣ አንድ ምስል ያህል ትጎትታለች፣ ትለቃለች፣ ተመልሳ ትይዛለች። ይሄ በሰከንድ 16 ወይም 24 ጊዜ ይሆናል። ጥፍሯ የተሠራችው ለአዲስ ፊልም ልክ ነው። ኮርኒስ ላይ 50 ዓመት የከረመ ፊልም ግን ይኮማተራል፤ ቀዳዳዎቹም ከጥፍሯ ጋር አይገጥሙም። ፊልሙ ከ1 በመቶ በላይ ከተኮማተረ ጥፍሯ ቀዳዳውን መብላት ትጀምራለች። አምፖሉ ደግሞ ከላይ ይጠብሰዋል።

ይሄን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ቤተሰብ የሠርግ ፊልም አመጣልኝ። ሽታ የለውም፣ ንጹሕ ነው፣ ለዓይን ደህና ነው። ቸኩዬ ጫንኩት። ሙሽራዋ ከመኪና ስትወርድ አየን። እናቷ ከደጅ ብቅ ሲሉ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ መጣ። ማሽኑን እስካጠፋ ሁለት ክንድ ያህል ፊልም ቀዳዳው ተቦጫጭቆ ወጣ። እናትየው በፊልሙ ላይ ያሉት እዚያች ቦታ ብቻ ነበር። ሰዎቹ ምንም አላሉኝም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

የእርስዎ ነገር ከዚያም ይብሳል። በእንዲህ ያለ የግል ካሜራ የሚቀረጽ ፊልም ከሞላ ጎደል ሁሌም ሪቨርሳል የሚባለው ዓይነት ነው። ፎቶ ቤት እንደምናውቀው ኔጋቲቭ የለውም። ካሜራው ውስጥ የነበረው ፊልም ራሱ ታጥቦ የሚታየው ፊልም ይሆናል። ሌላ ቅጂ የለም ማለት ነው። አባትዎ ባቲ ላይ ካሜራውን ሲያዞሩ ብርሃን የነካው ፕላስቲክ አሁን እጅዎ ላይ ያለው ነው። ከተቀደደ ተቀደደ።

እሳቱን በተመለከተ ጎረቤትዎ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም፤ ፊልሙን ነው የተሳሳቱት። ናይትሬት የሚባል የድሮ ፊልም አለ። እሱ እውነትም ጉድ ነው። አንዴ ከተያያዘ ኦክስጅኑን ራሱ ስለሚያወጣ ውሃ ውስጥም ይነዳል። ግን ናይትሬት ለሲኒማ ቤቶቹ 35 ሚሊ ሜትር ፊልም ነበር። ኮዳክም እ.ኤ.አ. በ1951 ማምረቱን አቁሟል። በቤት ካሜራ የሚገባው 16 ሚሊ ሜትርና 8 ሚሊ ሜትር ከመጀመሪያውም የተሠራው ለቤት እንዲሆን፣ እንደ ናይትሬት በማይቀጣጠል ፕላስቲክ ነው። ማስመሪያ አምጥተው ወርዱን ይለኩ። 16 ከሆነ ጎረቤትዎን ቡና ጠርተው ያረጋጉ። ጠርዙ ላይ በእንግሊዝኛ “ሴፍቲ”፣ አደጋ የሌለው ማለት ነው፣ የሚል ጽሑፍም ይፈልጉ። ከጣሊያን ዘመን የቀረ፣ ወርዱ ሁለት ጣት የሚያህል ፊልም ያለው ሌላ አንባቢ ካለ ግን ይሄ ማረጋገጫ አይሠራለትም። እንዲያ ዓይነቱን ከቤት አውጥቶ፣ ከእሳትና ከፀሐይ አርቆ፣ ባለሙያ መጥራት ነው።

አሁን ወደ አቼቶው። ብዙ ሰው “የሆነ ነገር ፈሶበት ይሆናል” ይላል። ምንም አልፈሰሰበትም። የሚሸተው ፊልሙ ራሱ ነው። ይሄ ፕላስቲክ አሴቴት ይባላል። ሲሠራ ውስጡ አሴቲክ አሲድ ይገባል፤ አቼቶን አቼቶ የሚያደርገው ያው አሲድ ማለት ነው። ሙቀትና እርጥበት ሲበዛበት አሲዱ ተመልሶ ይወጣል። ክፋቱ፣ የወጣው አሲድ ሌላውን ያስወጣል። አንዴ ከጀመረ ራሱን በራሱ ያባብሳል። ፊልሙ ይኮማተራል፣ ይጠማዘዛል፤ ጥቅሉም ክብነቱን ትቶ ጎንና ጎን ያወጣል። ምስሉን የያዘው ስስ የጄላቲን ሽፋን እንደ ዛፍ ልጥ ይላቀቃል። አንዳንዴ ነጭ ዱቄት ያያሉ። ሻጋታ ይመስላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ፕላስቲኩን ያለሰልስ የነበረው ንጥረ ነገር ነው ወጥቶ የደረቀው። እዚያ የደረሰ ፊልም ቀኑ አጥሯል።

መድኃኒት የለውም። ይሄን በግልጽ ልንገርዎት፤ “አድነዋለሁ” የሚል ሰው ካጋጠመዎት ይሽሹት። ማዝገም ግን ይቻላል። በደንብ ይቻላል።

ፀሐይ አይሆንም። እናትዎ ያሉት ለበርበሬ ትክክል ነው። ለአሴቴት ግን ሙቀት ማለት በሽታውን ማፋጠን ነው። ይልቅ የሚሸቱትን ሁለቱን ከአራቱ ይለዩ። ትነቱ ደህናውንም ያሳምማል። የሚሸቱትን ጥላ ባለበት፣ ነፋስ በሚገባበት ክፍል ክዳናቸውን ገርበብ አድርገው ለጥቂት ቀናት ያናፍሷቸው። ፌስታል ውስጥ አይቋጥሯቸው፤ አሲዱን አብረው እያሰሩት ነው። ሩዝ ውስጥ የሚከቱም አይቻለሁ። ሩዝ ትርፉ አቧራና ነቀዝ ነው።

በጨርቅም አይወልውሏቸው። ውሃ ጄላቲኑን ያሳብጠዋል፣ ያለሰልሰዋል። የፋርማሲ አልኮልም አይሆንም፤ 70 በመቶው አልኮል ቢሆን ቀሪው ውሃ ነው። አቧራ ካለ ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል። ሻጋታ ካለ ሳይነኩ ያድርቁትና ለባለሙያ ይተዉት።

ማስቀመጫ ላይ ወሎ ላይ መሆንዎ ዕድል ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ጦሳ ሥር ያለው ብርድ ሰውን ቢያንገበግብም ፊልምን ያኖራል። ሐረጎን ወርደው ኮምቦልቻ ሲደርሱ ነገሩ ይለወጣል፤ ከሚሴና ባቲ ደግሞ ጭራሽ። በዘርፉ ስሙ የታወቀው የአሜሪካው የምስል ዘላቂነት ተቋም ያወጣው ስሌት አለ። አዲስ አሴቴት ፊልም በ21 ዲግሪ ሙቀትና በ50 በመቶ እርጥበት ቢቀመጥ አቼቶው እስኪጀምር 40 ዓመት ገደማ ይወስድበታል። ሙቀቱ ሲወርድ ዕድሜው በብዙ ይረዝማል፤ ሲወጣ በዚያው ልክ ያጥራል። ስለዚህ ጥቅሎቹ ደሴ ይቆዩ። ወንድምዎ “እኔ ጋ ሰፊ ቦታ አለ” ቢል እንኳ እሺ አይበሉ።

ደሴ ማለት ግን ኮርኒስ ማለት አይደለም። ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቀን ይጋላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል። ፊልሙን ለዚህ ያበቃው ይሄ መለዋወጥ ነው። ሲሚንቶ ወለል ላይም፣ አልጋ ሥርም አይሁን፤ ክረምት ላይ እርጥበቱን ይጠጣል። ቤቱ መሐል ያለ፣ ፀሐይ የማትመታው ግድግዳ ላይ የተጠጋ ቁም ሳጥን፣ መካከለኛው መደርደሪያ ጥሩ ነው። ጥቅሎቹ በጠርዛቸው ቆመው ሳይሆን ተኝተው ይደርደሩ። ወሎ ቤት ቡና ያለ እጣን አይፈላም፤ እሱን ልከለክል አልችልም። ፊልሙ ግን ሌላ ክፍል ይሁን።

ፍሪጅስ? ትልልቆቹ ቤተ መዛግብት ፊልም ያቀዘቅዛሉ፣ እውነት ነው። እነሱ ግን የማይቋረጥ መብራትና እርጥበት የሚቆጣጠር ማሽን አላቸው። የእኛ መብራት በሄደ በመጣ ቁጥር ፊልሙ ላይ ጤዛ ያርፋል። በእኔ ግምት ደሴ ላይ ጥሩ ቁም ሳጥን ከመጥፎ ፍሪጅ ይበልጣል።

ቀጥሎ ካሴቶቹ። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉን ገልብጣችሁታል። “አዲስ” ያላችኋቸው ከፊልሙ ይልቅ ለሞት የቀረቡ ናቸው። የቪዲዮ ካሴት ምስሉን የሚይዘው በማግኔት ዱቄት ነው፤ ዱቄቱን ከፕላስቲኩ ጋር የያዘው ሙጫ ደግሞ እርጥበት ይጠጣል። ከዚህ የሚብሰው ግን ማጫወቻው ነው። ቪዲዮ ዴክ የሚያመርት የመጨረሻው ትልቅ ፋብሪካ፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 አቁሟል። የአውስትራሊያ ብሔራዊ የፊልምና የድምፅ ቤተ መዛግብት ገና በ2015 እ.ኤ.አ. ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር፤ እስከ 2025 ወደ ዲጂታል ያልተገለበጠ ካሴት በአብዛኛው እንደጠፋ ይቆጠር ብሎ። ፊልም ሌላው ሁሉ ቢጠፋ በብርሃንና በአጉሊ መነጽር ይታያል። ካሴት ያለ ማሽኑ ጥቁር ክር ነው።

ስለዚህ በካሴቶቹ ይጀምሩ። በመጀመሪያ የእያንዳንዱ ካሴት ጀርባ ጠርዝ ላይ ያለችውን ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ ሰብረው ያውጧት። ከዚያ በኋላ ማንም ሰው ተሳስቶ ሊቀዳበት አይችልም። አባታቸው ያስቀሩት ድምፅ ላይ የእግር ኳስ ጨዋታ ተቀድቶበት ያገኘ ቤተሰብ አውቃለሁ። በመስኮቷ ውስጥ ነጭ ክር ክር ካዩ ሻጋታ ነው፤ ማሽን ውስጥ አይክተቱት። ዴክ ሲያገኙም መጀመሪያ የማይፈልጉትን ካሴት አስገብተው ይሞክሩ። ቢያኝክ ያንን ያኝክ።

ወደ ፊልሙ ስንመለስ፣ መፍትሔው ስካነር ነው። ለፊልም የተሠራ ስካነር እያንዳንዱን ምስል ለየብቻው ያነሳል። ጥሩው ዓይነት ፊልሙን በጥፍር ሳይሆን በለስላሳ ጎማ ተሽከርካሪዎች ስለሚጎትት የተኮማተረውንም ይቀበላል። ግድግዳ ላይ አሳይቶ በስልክ መቅረጽ ሌላ ነገር ነው። ምስሉ ይርገበገባል፣ ጠርዙ ይቆረጣል፣ ደማቁ ይነጣል፣ ጨለማው ይጠቁራል። ለዚያ ሲባል ፊልሙን ማሰቃየት አይገባም።

ጥቅሉን ለማንም ከመስጠትዎ በፊት ይጠይቁ። ማሽናችሁ ፊልሙን በምን ይጎትታል? ከጠርዝ እስከ ጠርዝ፣ ቀዳዳውንና የጠርዙን ምልክት ጨምሮ ያነሳል ወይ? የምትሰጡኝ ፋይል በስልክ የሚታየውን ብቻ ነው ወይስ ያልተጨመቀውንም? ይሄን ሲጠየቅ “አታስቢ፣ ቆንጆ አድርጌ እሠራዋለሁ” ብቻ የሚል ሰው ካጋጠመዎት ጥቅልዎን ይዘው ይውጡ። አገር ውስጥ የሚሆን ካላገኙና ውጭ መላክ ካለብዎት፣ የታጠበ ፊልም በኤርፖርት ኤክስሬይ አይጎዳም። ሆኖም በዘመድ እጅ፣ በእጅ ሻንጣ ይሂድ። ከአገር ለማስወጣት ፈቃድ ያስፈልገው እንደሆነ አስቀድመው ያጣሩ። ስድስቱን በአንድ ጊዜ ደግሞ አይላኩ።

መጠኑን እንዲያውቁት፤ 16 ሚሊ ሜትር ፊልም በሰከንድ በ24 ምስል ሲሄድ ትልቁ ባለ 400 ጫማ ጥቅል 11 ደቂቃ ነው። ትንሹ ባለ 100 ጫማ ሦስት ደቂቃ አይሞላም። ጥቅሎችዎ በዚህ ልክ ከሆኑ ስድስቱ 40 ደቂቃ ገደማ ቢሆኑ ነው፤ በሰከንድ ባነሰ ምስል የተቀረጹ ከሆኑ ይረዝማል። ትንሽ ይመስላል። ሁለት ኬ በሚባለው ጥራት፣ ሳይጨመቅ፣ እነዚያ 40 ደቂቃዎች ከ700 ጊጋባይት በላይ ይወስዳሉ። አንድ ሙሉ ሃርድ ዲስክ ይመድቡላቸው። ትልልቆቹ ጥቅሎች ምናልባት አራት አራት ትንንሽ ጥቅል ተቀጣጥለው የተሠሩ ናቸው፤ ካሜራው ባለ 100 ጫማውን ነው የሚበላው። ቅጥሎቹ ላይ ያለው ማጣበቂያ ደርቆ ይሆናል። ቢለያዩ አይደንግጡ። በስኮች ግን አይለጥፉ። በየትኛው ቅደም ተከተል እንደነበሩ ጽፈው ብቻ ያስቀምጡ።

ወንድምዎ ያሉት ሌላ ነገር አለ። “ቀርጸን ጣሳውን እንጣለው።” ይሄ በጣም የተለመደ ስሕተት ነው፤ የተማሩ ሰዎችም ይሉታል። ዲጂታል ቅጂ ማለት ፊልሙ ተረፈ ማለት አይደለም። ሃርድ ዲስክ ምንም ሳይነግርዎት አንድ ቀን ጠዋት እንቢ ይላል። አባትዎ ፊልሙን ኮርኒስ ላይ ረስተውት ከ50 ዓመት በኋላ ተገኘ። አንድ ፍላሽ ኮርኒስ ላይ 50 ዓመት ይርሱና ይሞክሩት! የዛሬ 20 ዓመት ደግሞ ከአሁኑ የተሻለ ስካነር ይኖራል፤ ፊልሙ ካለ እንደገና ይነሳል። ስለዚህ ሦስት ቅጂ ይኑርዎት። አንዱ ደሴ፣ አንዱ ኮምቦልቻ ወንድምዎ ጋ፣ አንዱ ሌላ ከተማ ወይም ውጭ ያለ ዘመድ ጋ። 2014ን ደሴ ላይ ያሳለፈ ሰው ለምን ሦስት ቦታ እንደምል አይጠይቀኝም።

ስለ ማሳመርም ላንሳ፤ አሁን ሁሉም ሰው የሚጠይቀኝ እሱን ነው። ጥቁርና ነጩን ቀለም የሚቀባ፣ እንቅስቃሴውን የሚያለሰልስ፣ ፊት የሚያጠራ ፕሮግራም በየስልኩ አለ። ለጨዋታ ከሆነ በቅጂው ላይ ያድርጉት። ጥገና ግን እሱ አይደለም። ማሽኑ የሴቲቱን ሻሽ ቀለም አያውቀውም፤ ይገምታል። ፊቱንም ሲያጠራ የሌላ ሰው ፊት እየሣለ ነው። የእናትዎ ጓደኛ ፊት የማንም ያልሆነ ፊት ይሆናል። እውነተኛ ጥገና በቦታው የነበረውን ብቻ ነው የሚመልሰው። ለምሳሌ ጭረት ያለበትን ፊልም የተለየ ፈሳሽ ውስጥ እያሳለፉ ማንሳት አለ። ፈሳሹ ጭረቱን ይሞላዋል፤ ብርሃኑም እንደ ደህናው ያልፋል። የደረቀ ቆዳ ቅቤ ሲቀባ ስንጥቁ እንደሚጠፋው በሉት።

የማይመለስም አለ። ፊልሙ ባለ ቀለም ከሆነና ቀይ ወይም ሮዝ ብቻ ሆኖ ካገኙት፣ ሌሎቹ ቀለሞች ደብዝዘዋል። ከፊሉን በኮምፒውተር መመለስ ይቻላል፤ ሁሉንም አይቻልም። ኮዳክሮም የሚባለው ዓይነት ከሆነ ግን ተደሰቱ። ጨለማ ውስጥ የከረመ ኮዳክሮም ቀለሙን በቀላሉ አይለቅም።

“ለቤተሰብ ፊልም ይሄ ሁሉ ድካም ያስፈልጋል?” ላሉት መልሴ ረዘም ይላል።

ወሎን በፊልም የሚያውቅ ዓለም የሚያውቀው አንድ ነገር ነው። በጥቅምት 1966 የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ወሎ ላይ የሠራው የረሃብ ፊልም ለንደን ላይ በቴሌቪዥን ታየ። ያው ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ምሽት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ፤ ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር እየተሰነገ። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። በጥቅምት 1977 ደግሞ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ኮረም መሐመድ አሚን የቀረጸውና ማይክል በርክ በቢቢሲ ያቀረበው ዘገባ ዓለምን አዳረሰ። ከዚያም በፊት በ1928 ጣሊያን ደሴን ሲይዝ፣ ሉቼ የሚባለው የመንግሥት የፊልም ድርጅት ካሜራውን ይዞ የጣሊያንን ጦር ይከተል ነበር። የሉቼ የዜና ፊልሞች ዛሬ ሮም ውስጥ በሥርዓት ተቀምጠዋል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2013 በዓለም ትዝታ መዝገቡ ላይ አስፍሯቸዋል።

ይታይዎት። ወራሪው እኛን ያየበት ፊልም አለ። ስንራብ የታየንበት ፊልም አለ። በጥሩ ሁኔታ አለ፣ ይከፈልበታል፣ ይጠበቃል። አንድ የደሴ መምህር በተራ ሰኞ ቀን ባቲ ገበያ ወርዶ፣ አፋሩ ግመሉን ሲነዳ፣ ኦሮሞውና አማራው ሲገበያይ፣ ማንም ማንንም ሊያሳዝን ሳይፈልግ የቀረጸው ግን ኮርኒስ ላይ አቼቶ እየሸተተ ነው። ጎን ለጎን ቢቀመጡ ለወሎ ልጅ የትኛው ብርቅ ነው?

ማንም መጥቶም አያድንልዎትም። እ.ኤ.አ. በ2017 የአሜሪካዊው ፊልም ሠሪ የማርቲን ስኮርሴዚ ፋውንዴሽን፣ የአፍሪካ ፊልም ሠሪዎች ማኅበርና ዩኔስኮ የአፍሪካን ፊልሞች ለማደስ ሲስማሙ የያዙት ዕቅድ 50 ፊልም ነበር። ለአህጉር 50! ጥሩ ሥራ ነው፤ ግን እዚያ ዝርዝር ውስጥ የደሴ ኮርኒስ አይገባም። ሀብታሞቹም ቢሆኑ የእጃቸውን አልያዙም። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው ጥናት እንዳለው፣ እዚያ አገር ከተሠሩት ወደ 11,000 የሚጠጉ ረጃጅም ድምፅ አልባ ፊልሞች በመጀመሪያ ይዘታቸው የተረፉት 14 በመቶ ብቻ ናቸው። ብዙዎቹ ተቃጠሉ፣ ብዙዎቹ ቦታ ያዙ ተብለው ተጣሉ።

የተረፉት የተረፉበትን መንገድ ካዩ ደግሞ ይገርማል። ሜትሮፖሊስ የሚባለው የጀርመን ፊልም ለ80 ዓመት ያህል ተቆርጦ ነበር የሚታየው። እ.ኤ.አ. በ2008 ሙሉው ሊባል የሚችል ቅጂ የተገኘው ጀርመን ውስጥ አይደለም፤ ቦነስ አይረስ፣ አንድ ሙዚየም ውስጥ ነው። ቅጂው እንደ እርስዎ 16 ሚሊ ሜትር ነበር። ጠፍቶ የነበረ 25 ደቂቃ ያህል ተመለሰ። ጭረቱ ግን ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ የተገለበጠው ቀድሞ ከተጫረ ፊልም ስለነበር። ጠጋኞቹ ጭረቱን ትተውት ታየ። ማንም ቅር አላለውም።

ፊልሙ የአባትዎ ስለሆነ ውሳኔው የወራሾቹ ነው፤ የሌላ ሰው ሥራ ቢሆን ጣሳውን መያዝ ብቻ አይበቃም ነበር። አዲስ አበባ ላለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ወይም ለወሎ ዩኒቨርሲቲ ቅጂ መስጠት ቢፈልጉ ደስ ይለኛል። በወረቀት ይሁን፤ ቅጂው ነው ወይስ ዋናው ጥቅል የሚሰጠው፣ ማን ሊያየው ይችላል፣ ተጽፎ ይፈረም። በቃል የተሰጠ ነገር ኋላ ባለቤቱ አይታወቅም።

እናትዎ ግን ስካነር እስኪገኝ መጠበቅ የለባቸውም። ከማይሸቱት ትንንሽ ጥቅሎች አንዱን ይምረጡ። እጅዎን ታጥበው ያድርቁ፤ ንጹሕ የጥጥ ጓንት ካለ ይሻላል። ንጹሕ ጠረጴዛ ላይ የመጀመሪያውን አንድ ሜትር ያህል ብቻ ይፍቱ። ራሱ ካልተፈታ አያስገድዱት። ጠርዙን ብቻ ይያዙ። አንድ ስልክ ስክሪኑን ነጭ አድርገው፣ ከፊልሙ ሥር ሳያስነኩት በመጽሐፍ ደገፍ አድርገው ያስቀምጡ። በሌላው ስልክ ከላይ ጠጋ ብለው ያንሱ። ሪቨርሳል ስለሆነ ምስሉ ቀጥ ብሎ፣ በትክክለኛው ጥላና ብርሃን ይወጣል። ያንን አስፍተው ለእናትዎ ያሳዩዋቸው። ሲያዩ የሚሉትን ይቅዱ፤ ማን እንደሆነ፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ የት ሰፈር እንደሆነ። ስካነር የዛሬ ሁለት ዓመትም ይገኛል። የ64ቱን ባቲ በስም የሚያውቅ ሰው ግን በየዓመቱ ይቀንሳል።

ፊልሙን እንደፈቱ አንድ ነገር ይለኩልኝ። ከአንዱ ቀዳዳ ጀምረው 100 ምስል ቆጥረው በማስመሪያ ይለኩ። አዲስ ባለ 16 ሚሊ ሜትር ፊልም ወደ 762 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከ755 በታች ካገኙ ለስካነሩ ባለቤት አስቀድመው ይንገሩት።

አንድ ቀሪ ነገር አለ፤ ከሁሉም ያጓጓኝ እሱ ነው። “64” የሚለው የትኛው 64 ነው? በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ከረሃቡ አንድ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነው። ከሰላም ጓዱ ጓደኛቸው ጋር ተለማምደው በፈረንጅ ከጻፉት ግን የእኛ 1956 ወይም 57 ይሆናል። ሁለቱም ይቻላል፤ ጓዶቹ ወደ አገራችን የመጡት እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። ፊልሙ የኮዳክ ከሆነ ጠርዙ ላይ ከጽሑፉ አጠገብ ትንንሽ ክብ፣ አራት ማዕዘን፣ ሦስት ማዕዘን ወይም የመደመር ምልክት ይኖራል። እነዚያ ምልክቶች ፊልሙ የተመረተበትን ዓመት ይናገራሉ። በየ20 ዓመቱ ስለሚደጋገሙ እነዚህን ሁለት ዘመኖች አያምታቱም። አጉሊ መነጽር ያድርጉና ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ። የዛገውን ጣሳ በፕላስቲክ ዕቃ ሲቀይሩ ደግሞ የአባትዎ ጽሑፍ ያለበትን ክዳን አይጣሉት።